ድፍድፉን ከሰጡህ ቤንዚኑን እንዴት ታወጣለህ

ባለፈው የአጎቴ ልጅ "ቤንዚን ከመሬት አይደል እንዴ ሚቀዳው?" አለኝ። ልስቅ ነበር፣ ግን ቆይቼ ሳስበው እኔም ዩኒቨርሲቲ እስክገባ የማውቀው ከዛ ብዙም አይበልጥም ነበር፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ነዳጅ ይወጣል፣ ቦቴ ይጭነዋል፣ ማደያ ይራገፋል፣ በቃ። እውነቱ ግን ከመሬት የሚወጣውን ነገር እንዳለ መኪናህ ውስጥ ብትጨምረው መኪናህን ቀበርካት ማለት ነው። ጥቁር ወይ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈሳሽ ነው፣ ውስጡ ጨው አለ፣ ውሃ አለ፣ አሸዋ አለ፣ ድኝ አለ፣ ላይተርህ ውስጥ ያለው ጋዝ አለ፣ ሻማ የሚሰራበት ሰም አለ፣ መንገድ የሚነጠፍበት ሬንጅም አለ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደፍድፎ።

ተደፍድፎ ስል ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም። በአማርኛ ድፍድፍ ነዳጅ ነው የምንለው አይደል? ይሄን ቃል የመረጠ ሰው አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነው ብዬ እምላለሁ። አያቴ አረቄ ታወጣ ነበር፣ ጌሾው ብቅሉ ዱቄቱ ተደፍድፎ ይሰነብትና በርሜል ውስጥ ገብቶ እሳት ይነድበታል፣ አፉ በሊጥ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በመቃው ያልፍና ውሃ ውስጥ የተቀመጠው እቃ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። አልኮሉ በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ውሃው ደግሞ 100 ስለሚፈልግ (ባህር ጠለል ላይ ማለቴ ነው፣ ወደዚህ እመለስበታለሁ) አልኮሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ አተላው ይቀራል። ሪፋይነሪም፣ ማለትም የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካው፣ የሚጀምረው እንደዚሁ ነው። ግን አረቄ የሚያስረዳህ ግማሹን ብቻ ነው፣ ሌላኛው ግማሽ ላይ አያቴም ብትሆን ግራ ይገባታል።

እና እንበል ሪፋይነሪ ተሰጠህ። እንዴት ነው የምታስኬደው? (ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው ብዬ መናገር አለብኝ እንዴ? ይኸው ተናገርኩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ የጎረቤትን ምድጃ ያገኛል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።)

መጀመሪያ ድፍድፍህን እወቀው። ጤፍ ሁሉ ማኛ እንዳልሆነው ድፍድፍም ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለት ነገር ትጠይቃለህ፣ ቀላል ነው ወይስ ከባድ፣ ድኙስ ስንት ነው። ቅለቱን ኤፒአይ በሚሉት ቁጥር ይለኩታል፣ 10 ከሆነ ልክ እንደ ውሃ ይከብዳል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል። በዜና ሁሌ የምትሰማው ብሬንት ወደ 38 ነው፣ ድኙ 0.4% ገደማ፣ በጣም ተወዳጅ ነው። የሳኡዲው አረብ ላይት ወደ 33፣ ድኙ ወደ 2% ይጠጋል። የሜክሲኮው ማያ ደግሞ 22 አካባቢ ሆኖ ድኙ ከ3% በላይ ነው፣ ይሄን ሚገዛው በርካሽ ገዝቶ ሊለፋበት የተዘጋጀ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ያለው ደግሞ ድኙ ትንሽ ሆኖ ሰሙ ብዙ ነው፣ ካላሞቅከው ቧንቧ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ጮማ ይረጋል፣ ለዛ ነው እስከ ፖርት ሱዳን ድረስ በየመሃሉ እየሞቀ የሚሄደው። ባለሙያዎቹ ድኝ የሌለውን ጣፋጭ፣ ድኝ ያለበትን ጎምዛዛ ይሉታል፣ ድሮ ቀምሰውና አሽትተው ይለዩት ስለነበር ነው አሉ፣ ምን አይነት ሆድ እንደነበራቸው እነሱ ይወቁት።

ይሄን ቀድመህ ማወቅ ያለብህ ምክንያት አለው። አንድ ሪፋይነሪ የሚሰራው ለተወሰነ አይነት ድፍድፍ ተብሎ ነው፣ ለብሬንት የተሰራውን ማያ ብታጎርሰው ከታች አተላው ይቆለልብሃል፣ ብረቱንም ድኙ ይበላዋል።

ቀጥሎ እጠበው። ጤፍ ሳይነፋ እንደማይቦካው ድፍድፍም ሳይታጠብ እሳት አያይም። ንጹህ ውሃ ትቀላቅልበታለህ፣ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ታሞቀዋለህ (ውሃው እንዳይተን ግፊት ውስጥ ሆኖ)፣ ከዛ ትልቅ ታንከር ውስጥ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለህ፣ የተበተኑት የውሃ ጠብታዎች እርስ በርስ ይሳሳቡና ጨውን ይዘው ወደ ታች ይሰምጣሉ። ይሄን ደረጃ ሰው ይንቀዋል። ጨው ካልወጣ ግን እሳት ላይ ሲደርስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል፣ ያ አሲድ ቀጥሎ የምናየው ረጅም ታወር አናት ላይ ወጥቶ ከውሃ ጠብታ ጋር ሲገናኝ ብረቱን እንደ ምስጥ ይቦረቡረዋል።

አሁን ወደ እሳቱ። ድፍድፉ በረጃጅም ቧንቧዎች ምድጃ ውስጥ እያለፈ ከ350 እስከ 370 ዲግሪ ይደርሳል። ከዛ በላይ አትሂድ፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ እየተሰባበረ ከሰል ሆኖ ቧንቧህን ይደፍነዋል። በዚህ ሙቀት አብዛኛው ተን ሆኗል፣ ተኑም ፈሳሹም አብረው ረጅሙ ታወር ውስጥ ይገባሉ። የሪፋይነሪ ፎቶ ስታዩ መሃል ላይ እንደ ሚናሬት ቀጥ ብሎ የቆመው እሱ ነው። ከስሩ እንደ እሳት ይፋጃል፣ አናቱ ግን 120 ዲግሪ ገደማ ነው። ውስጡ ከታች እስከ ላይ በብረት ወለል ወለል ተከፋፍሏል፣ ወለሎቹ ቀዳዳ ቀዳዳ አላቸው፣ ተኑ በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ ወለሉ ላይ ይተኛና ትርፉ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ከአረቄው የሚለየው። አያቴ አረቄው ጠንከር እንዲል ስትፈልግ ያወጣችውን መልሳ ታወጣዋለች፣ ዳግም አረቄ የምንለው ማለት ነው። ታወሩ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ወለል ላይ ዳግም እየሆነ ነው የሚወጣው፣ ሰላሳ አርባ ጊዜ ዳግም በለው፣ በአንድ ምድጃ እሳት።

ከዛ በየፎቁ ቧንቧ ሰክተህ የምትፈልገውን ትቀዳለህ። ከአናቱ ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ውስጥ ፕሮፔንና ቡቴን አሉ፣ ግፊት ስትሰጣቸው ፈሳሽ ሆነው ሲሊንደር ውስጥ ይገባሉ፣ ቤት ውስጥ ወጥ የምትሰሩበት እሱ ነው። (ሽታው ግን የራሱ አይደለም፣ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ቢፈስ እንድታውቁት ሆን ተብሎ ነው ያን የሚሰነፍጥ ነገር የሚጨምሩበት።) ከጋዙ ስር ናፍታ ይወጣል። ቆይ፣ ናፍታ ነው ያልኩት፣ ናፍጣ አላልኩም! ይሄ ብዙ ሰው ያምታታል። ሪፋይነሪ ውስጥ ናፍታ የሚሉት ቀላሉን፣ ቤንዚን የሚሰራበትን ነው። እኛ ናፍጣ የምንለው ግን ዲዝሉን ነው፣ ጣሊያኖች ለዲዝሉ ናፍታ ስለሚሉት ነው እንደዛ የሆነው። ቃሉ በዘር ሲቆጠር ከአረቡ ናፍጥ ጋር አንድ ነው፣ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት ማለት ነበር፣ ኋላ ባሩድና ጠመንጃ ሲመጣ ለነሱም ሆነ፣ እኛም ጋ ነፍጥ የሚለው ቃል የመጣው በዛ መንገድ ነው። ናፍጣና ነፍጥ ዘመዳሞች ናቸው ብል የማያምነኝ ይኖራል ግን እውነት ነው።

ከናፍታው ስር ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ፣ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ባለው መካከል የሚፈላው። ከሱ ስር ደግሞ ነጭ ናፍጣ። ከሁሉም ስር አተላው ይቀራል፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሬንጅ መሳይ። እንደ ድፍድፉ አይነት ከጠቅላላው ሲሶ ብዙ ጊዜም ከዛ በላይ ይሆናል ይሄ አተላ። የአረቄ አተላ ለከብት ይሰጣል፣ ይሄንን ግን ለማንም አትሰጥም፣ ገንዘብህ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ችግሩ አተላውን ደግመህ ለማፍላት 370 ዲግሪ አልፈህ መሄድ አለብህ፣ ከዛ በላይ ደግሞ ይቃጠላል አልን። እዚህ ጋ ነው የአዲስ አበባ ልጅ ከማንም ቀድሞ የሚገባው ነገር ያለው። አዲስ አበባ ውሃ በ100 አይደለም የሚፈላው፣ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከፍታዋ 2,355 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ትንሽ ነው፣ ለዛ ነው ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ ሰው የግፊት ድስት የሚገዛው። ግፊት ሲቀንስ መፍያውም ይቀንሳል ማለት ነው። ሪፋይነሪው ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ አተላውን ሁለተኛ ታወር ውስጥ ያስገባና አየሩን መጥጦ ያወጣበታል፣ ግፊቱ ከውጪው ከሃያ አንድ እጅ ወይ ከዛም በታች እስኪሆን። እንደዛ ያለ ግፊት በዳሸን ተራራ እጥፍ ከፍታ ላይም አታገኘውም። በዛ ጊዜ ያ ሁሉ ከባድ ነገር ሳይሰባበር ይተናል። ቫኪዩም ታወር ይሉታል። ከሱ የሚወጣው ከባድ ዘይት አንዱ ክፍል የሞተር ዘይት መነሻ ይሆናል፣ ግራሶም ከዛ ነው፣ ከታች የቀረው ደግሞ ሬንጅ ሆኖ መንገድ ላይ ይነጠፋል። ጥቁር ናፍጣ ሚባለውም ለፋብሪካ ቦይለርና ለመርከብ የሚሄደው ከዚህ ሰፈር ነው፣ ቀላልና ከባድ ተብሎ።

እዚህ ድረስ ያየነው መለየት ብቻ ነው። የነበረውን ለያየኸው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠርክም። አረቄው የሚያስረዳህም እዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ አለም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ነዳጅ ማጣራት ሲጀመር ሰው የሚፈልገው ላምባ ብቻ ነበር። ፖላንዳዊው ኢግናቲ ዉካሼቪች በ1853 እ.ኤ.አ. ሌቪቭ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሰራው የላምባ ፋኖስ ኦፕራሲዮን ተደርጓል፣ በ1859 ደግሞ ድሬክ የሚሉት ሰውዬ ፔንሲልቬንያ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ዘይት አገኘ፣ ከዛ ሁሉም ለመብራት ሲል ተሯሯጠ። ቤንዚኑስ? አስቸጋሪ ትርፍ ነበር፣ ፋኖስ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል፣ ወንዝ ውስጥ ይደፉት ነበር። ዛሬ ማደያ ላይ ተሰልፈህ ስታድር ይሄን አስበው። መኪና ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ፣ ቤንዚን ተፈላጊ ሆነ፣ ከታወሩ በቀጥታ የሚወጣው ደግሞ አልበቃ አለ። ስለዚህ ያንን ከባድ ዘይት መስበር አስፈለገ።

መስበር ስልህ ቃል በቃል ነው። ነዳጅ ማለት ካርቦኖች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ዙሪያቸውን ሃይድሮጅን ተለጥፎባቸው ነው። ቤንዚን ውስጥ ያሉት ከ5 እስከ 12 ካርቦን አካባቢ ናቸው፣ ናፍጣ ውስጥ እስከ 20፣ አተላው ውስጥ 40፣ 50 እና ከዛም በላይ። ረጅሙን መቁጠሪያ ብትበጥሰው ሁለት አጭር ይወጣሃል። ዊልያም በርተን የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት በ1913 በሙቀትና በግፊት ብቻ የሚበጥስ ዘዴ ፓተንት አወጣ። ፈረንሳዊው ዩጂን ሁድሪ ደግሞ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ስራውን የሚያፋጥን ነገር) ጨመረበት፣ በ1937 ፔንሲልቬንያ ማርከስ ሁክ ላይ ትልቁ ስራ ጀመረ። ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበት አይነት ግን በ1942፣ በጦርነቱ መሃል፣ ሉዊዚያና ባተን ሩዥ ላይ የተነሳው ነው።

እሱን ማሽን እኔ እንደ ተአምር ነው የማየው። ካታሊስቱ ዜኦላይት የሚባል ማዕድን ያለበት ነጭ ዱቄት ነው፣ እንደ ፉርኖ ዱቄት የላመ። አየርና እንፋሎት ሲነፋበት ልክ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ በቧንቧ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ዱቄት ነው እንጂ ፈሳሽ አይደለም ብለህ ብትምል የሚያምንህ የለም። የጋለው ዱቄት ከዘይቱ ጋር ቀጥ ባለ ቧንቧ ውስጥ በ500 እና በ540 ዲግሪ መሃል ይገናኛሉ፣ ለስንት ሰአት? ለሰከንዶች፣ ለሁለት ለሶስት ሰከንድ። በዛች ጊዜ ረጅሙ ይበጣጠስና ቤንዚን ይሆናል። ዱቄቱ ግን ይጠቁራል፣ ከሰል ይለጠፍበታል፣ ስለዚህ ወደ ሌላ እቃ ይሄድና አየር ይነፋበታል፣ ከሰሉ በ700 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል፣ ዱቄቱ እንደገና ነጭ ይሆናል፣ ያ የቃጠሎው ሙቀት ደግሞ ለሚቀጥለው መበጠስ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ቆሻሻው ራሱ ማገዶ ሆነ ማለት ነው! ይሄ ዙር ቀን ከሌሊት ለዓመታት አይቆምም።

ሌሎችም አሉ፣ በሃይድሮጅንና በከባድ ግፊት የሚሰብር አለ፣ እሱ ጥሩ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ያወጣል ግን ውድ ነው። ኮከር የሚሉትም አለ፣ የመጨረሻውን አተላ በትልልቅ በርሜል ውስጥ እስከ መጨረሻው ያከስለውና ጥቁር ድንጋይ መሳይ ነገር ያስቀራል፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ይወዱታል።

አሁን ቤንዚን አለህ። ግን መጥፎ ቤንዚን ነው። በተለይ ከታወሩ በቀጥታ የመጣው ናፍታ ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ነው፣ ከባድ ከባዱ ብዙ ጊዜ ከ60 በታች ነው። ኦክቴን ምንድነው ብትለኝ፣ ትእግስት ነው። ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑ ቤንዚንና አየሩን ሲጨቁነው ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ድረስ ዝም ብሎ የመጠበቅ ችሎታ ማለት ነው። ትእግስት የሌለው ቀድሞ ይፈነዳና ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ መካኒኮች በጆሮ የሚያውቁት ድምጽ ነው። አይሶኦክቴን ለሚባለው 100 ሰጡት፣ ቀጥ ላለው ሄፕቴን 0፣ ሌላው ሁሉ በነሱ ይለካል። ቀጥ ያለ ሰንሰለት ትእግስት የለውም፣ የተጣመመና ቀለበት የሆነ ግን አለው። ስለዚህ ናፍታውን ወደ 500 ዲግሪ አሙቀህ ፕላቲኒየም ባለበት ካታሊስት ላይ ታሳልፈዋለህ፣ አዎ ፕላቲኒየም፣ የጌጡ፣ ቀጥ ያለው ይጣመምና ቀለበት ይሆናል፣ ኦክቴኑ ከ95 በላይ ይወጣል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቭላድሚር ሄንሰል ነው ይሄን ያመጣው። ሪፎርመር ይባላል፣ ትርፍ ሃይድሮጅንም ይሰጥሃል፣ እሱን አትጣለው፣ አሁን ያስፈልግሃል።

ከሪፎርመሩ በፊት ሰው አቋራጭ አግኝቶ ነበር፣ እርሳስ መጨመር። በ1921 ነው የተገኘው፣ ጠብታ ብቻ ጨምረህ ኦክቴኑ ከፍ ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ግን የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ያንን መርዝ አለም በሙሉ መቶ አመት ሙሉ ተነፈሰው። የመጨረሻዋ አልጄሪያ ናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው ያቆመችው።

በነገራችን ላይ ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ ማደያ ላይ 87 ያያሉ፣ ዱባይ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ 91፣ 95፣ 98፣ እና "የአሜሪካ ቤንዚን ያን ያህል የወረደ ነው እንዴ" ብሎ ይሳለቅባቸዋል። አይደለም። አሜሪካ ሁለት አይነት መለኪያ አማክላ ነው የምትጽፈው፣ ሌላው አለም አንዱን ከፍ ያለውን ብቻ ይጽፋል። የአሜሪካው 87 እኛ 91 ወይ 92 የምንለው ነው። ሌላም ነገር አለ፣ አየሩ ሳሳ ያለበት ደጋ ላይ ተራ ሞተር (ተርቦ የሌለው) ኦክቴን ብዙ አይጠይቅም፣ የጭቆናው ግፊት ስለሚቀንስ። አሜሪካ ውስጥ በተራራማዎቹ ስቴቶች 85 የሚሸጡት ለዛ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዴንቨር በ700 ሜትር ትበልጣለች። መኪናህ 91 ነው የምትፈልገው ከተባለ 98 ብትቀዳላት ምንም አትጨምርልህም፣ ብርህን ብቻ ነው የምታቃጥለው።

ድኙን እንርሳው እንዴ? አንረሳውም። ድኝ ያለበት ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ የአሲድ ዝናብ ያመጣል፣ አዳዲስ መኪኖች ላይ ያለውንም የጭስ ማጣሪያ ይገድለዋል። ስለዚህ ናፍጣውን ከዛ ከቅድሙ ሃይድሮጅን ጋር በግፊት ካታሊስት ላይ ታሳልፈዋለህ፣ ሃይድሮጅኑ ድኙን ይዞት ይወጣል፣ ግም እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሆኖ። ያ ጋዝ ገዳይ ነው፣ በጣም፣ ሲበዛ አፍንጫህን ስለሚያደነዝዘው ሽታው ጠፋ ብለህ ስታመሰግን ትወድቃለህ። እሱን ደግሞ ወስደህ ቢጫ ድኝ ታደርገዋለህ፣ ለማዳበሪያ የሚሆን አሲድ ይሰራበታል። አውሮፓ ናፍጣ ውስጥ የሚፈቅደው ድኝ ከሚሊዮን 10 ክፍል ብቻ ነው፣ አሜሪካ 15።

ላምባው ላይ ብዙ አልቆይም። ከኩራዙ ላምባና ከአውሮፕላኑ ነዳጅ መሃል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያስበው አይደለም፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የአውሮፕላኑ ጥንቃቄው ነው የሚበልጠው። 11 ኪሎ ሜትር ላይ ውጪው ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ያልፋል፣ ስለዚህ ጄት ኤ ዋን የሚባለው እስከ ዜሮ በታች 47 ድረስ መርጋት የለበትም፣ ውሃም ቆሻሻም እንዳይኖርበት ደጋግሞ ይፈተሻል። በነጭ ጋዝ ምድጃ ውስጥ ግን ቤንዚን ቅንጣት እንዳትቀላቅሉ፣ ላምባ በትነቱ እሳት ለመያዝ 38 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት፣ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ላይም ዝግጁ ነው። በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ገዝታችሁ ኩሽና ውስጥ ስታስቀምጡም ይሄን ቁጥር አስቡት።

መጨረሻ ላይ መቀላቀል ነው። ማደያ የምትቀዳው ቤንዚን ከአንድ ቧንቧ የመጣ አይደለም፣ ከሪፎርመሩ ይህን ያህል፣ ከዛ ከዱቄቱ ማሽን ይህን ያህል፣ ትንሽ ቡቴን፣ እያሉ ነው የሚያመጣጥኑት፣ ወጥ እንደማጣፈጥ ነው። ክረምት በሚበርድበት አገር ሞተር ቶሎ እንዲነሳ ቡቴኑ ይበዛል፣ በጋ ላይ ይቀነሳል፣ አለዚያ ታንከር ውስጥ ይተናል። እኛም አገር አንድ ሰሞን በዚህ መቀላቀል ውስጥ ገብተን ነበር፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ የወጣ ኤታኖል 5%፣ ኋላም 10% ቤንዚን ላይ ይጨመር ነበር። ኤታኖል ማለት ያው አልኮል ነው፣ አረቄው ዞሮ ዞሮ ታንከር ውስጥ ገባ።

ሁሉም ሲደመር ዘመናዊ ሪፋይነሪ 159 ሊትር ከሚይዘው አንድ በርሜል ድፍድፍ ወደ 170 ሊትር ምርት ያወጣል። ስህተት አይደለም፣ ክብደቱ አልጨመረም፣ የተሰበረው ነገር እየቀለለ ስለሚሄድ ቦታ ነው የሚይዘው፣ በቆሎ ፈንድሻ ሲሆን እንደሚሰፋው። አሜሪካ ውስጥ ከዛ ላይ ግማሽ የሚጠጋው ቤንዚን ነው።

እኛ ሪፋይነሪ አልነበረንም እንዴ? ነበረን። አሰብ ላይ፣ በሶቭየት ህብረት እርዳታ ተሰርቶ በ1967 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረ፣ መጀመሪያ በዓመት 500,000 ቶን እንዲያጣራ የታቀደ። በቀን ሲሰላ 10,000 በርሜል ገደማ ነው። ያኔ ትልቅ ነገር ነበር፣ ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ ያረጀና ወጪው የማያዋጣ ሆኖ፣ የተጣራውን ገዝቶ ማስገባት ይረክስ ነበር። ይሄን ስል ቅር የሚለው ሰው አለ፣ እኔም ቅር ይለኛል፣ ግን የሂሳቡ ነገር እንዲህ ነው፣ ታወር ብቻ ያለው ትንሽ ሪፋይነሪ አተላው ይበዛበታል፣ አተላውን የሚሰብረው ማሽን ደግሞ ውድ ስለሆነ ብዙ ካላጣራህ አይመለስልህም። ሌጎስ አጠገብ በ2024 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረው የዳንጎቴ ሪፋይነሪ በቀን 650,000 በርሜል የተባለው ለዛ ነው፣ አሰብን 65 ጊዜ ማለት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የኛም የመሰረት ድንጋይ ተቀምጧል። እስከዛ ድረስ የተጣራውን በጅቡቲ በኩል ቦቴዎቻችን እያመላለሱ ነው።

ይሄን ሁሉ ካነበብክ አንድ ቀን የሚጠቅምህን ልንገርህ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፣ የሚያስነሳው ጭቆናው ነው፣ ስለዚህ ናፍጣ ትእግስት እንዳይኖረው ነው የሚፈለገው፣ ልክ የቤንዚን ተቃራኒ። ቀጂው ተሳስቶ ናፍጣ መኪናህ ላይ ቤንዚን ከቀዳብህ (እኔ ደርሶብኛል፣ ስልክ እያወራሁ አላየሁትም፣ ጥፋቱ የግማሹ የኔ ነው) ቁልፉን እንዳታዞር፣ ሞተሩን ማስነሳት ቀርቶ ኮንታክት እንኳን እንዳታደርግ፣ ብዙ መኪና ላይ ፖምፓው በዛው ይነሳል፣ ናፍጣ ፖምፓውን እንደ ዘይት እያለሰለሰ ነው የሚያሰራው፣ ቤንዚን ደግሞ ያጥበዋል፣ ከዛ ብረት ከብረት ይፋተጋል። መኪናውን ገፍተህ ጥግ አስይዘው፣ መካኒክ ጥራ፣ ታንከሩ ተከፍቶ ይውረድ። በግልባጩ ቤንዚን መኪና ላይ ናፍጣ ከገባ ጉዳቱ ይቀላል፣ ያጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ግን እሱንም አውርደው። ያወረድከውን ድብልቅ ደግሞ ለምድጃ ይሆናል ብሎ የሚጠይቅህ ጎረቤት ቢመጣ እንዳትሰጠው።